ያልተርገበገበች አምፖል

አምፖሏ ለአራተኛ ጊዜ ስትርገበገብ የኤሌክትሪሺያኑ ሐሞት ፍስስ አለ።

አምፖሏን ጋሪው ግንባር ላይ የሰቀላት እሱ ራሱ ነው። ከአውራ ጣት አትበልጥም፤ ሥራዋ ግን የዳኛ ነው። ጋሪው ስሙ ጋሪ ይባል እንጂ የአንድ ክፍል ቤት ስፋት ያለው የብረት ድልድይ ሲሆን፣ የመርከብ ሞዴል ከሚሞከርበት ረጅም የውሃ ገንዳ ግራና ቀኝ በተዘረጉ ሐዲዶች ላይ ተሳፍሮ መቶ ሃያ ሜትር ሙሉ ውሃ ላይ ይሮጣል። ከሆዱ ሥር ከሰም የተሠራች ትንሽ መርከብ በብረት ክንድ ይዞ ይጎትታል። መኪና ነዳጁን ይዞ ይሄዳል፤ ይህ ጋሪ ግን ኤሌክትሪኩን ከግድግዳ እየላሰ ነው የሚሄደው። በግድግዳው ርዝመት ሦስት የመዳብ ዘንጎች ተዘርግተዋል፤ ከጋሪው ጎን ብቅ ያሉ የካርቦን ቁራጮች በስፕሪንግ ተገፍተው ዘንጎቹን እየታከኩ ይሮጣሉ። መታከኩ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ከተቋረጠ አምፖሏ ትርገበገባለች፣ ሞተሩ ይደናበራል፣ ጋሪው ያነክሳል። ጋሪው ሲያነክስ ትንሿ መርከብ አንገቷን ትደፋለች፤ ውሃውም አፍንጫዋ ላይ ይወጣል።

አሁንም ወጣ።

የባለ መርከቡ ጠበቃ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ጻፈና እስክሪብቶውን ከደነ።

«እንግዲህ እንዳያችሁት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መርከቧ አይደለችም የደፋችው። ጋሪያችሁ ነው የደፋት።»

እውነቱን ነበር።

ትልቋ መርከብ፣ የእውነቷ፣ ከአራት ወር በፊት አሥራ ዘጠኝ ሰው ይዛ ሰጥማለች። ከወዲህ ማዶ ወዲያ ማዶ ሰውና መኪና የምታመላልስ ነበረች። ባለቤትየው ሰመጠች የሚለው ካፒቴኑ ከልክ በላይ ስላስሮጣት ነው። ካፒቴኑ ደግሞ በተለመደው ፍጥነት እየሄድኩ፣ ባለቤቱ ለመኪና ማቆሚያ ብሎ ከፊት ያስጨመረው ብረት ከብዷት፣ አፍንጫዋን ውሃ ውስጥ ነከረች ይላል። ማን እንደዋሸ የሚያውቀው ውሃው ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሿ መርከብ በትልቋ ልክ፣ ከተጨመረው ክብደት ጋር ተሠርታ፣ ዛሬ ሰኞ ጠዋት ገንዳው ላይ ወረደች። በተለመደው ፍጥነት ተጎትታ ከደፋች ካፒቴኑ ነፃ ነው።

ካፒቴኑ የኤሌክትሪሺያኑ ታናሽ ወንድም ነው።

ይህን የማያውቅ አልነበረም። ጠበቃው ምርመራው በተጀመረበት ቀን ተቃውሞ ነበር፤ የምርመራው ሰብሳቢ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው የሚያዩ ሴትዮ፣ ሌላ ሰው አላችሁ ወይ ብለው የቤተ ሙከራውን ኃላፊ ጠየቁት። ኃላፊውም ይህን ጋሪ ከእሱ በቀር የሚያውቀው ጡረታ ወጥቷል፣ ዓይኑም ፈዟል አለ። እንግዲያው ይሥራ፤ የሚነካውን ሁሉ ግን መዝገብ ላይ ያስፍር ተባለ።

አሁን ሰብሳቢዋ ሰዓታቸውን አይተው፣ የምርመራ ኮሚሽኑ ዕድሜ ዛሬ ማታ እንደሚያበቃ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ንጹሕ ሩጫ ካልታየ የገንዳውን ሙከራ ትተው በወረቀት እንደሚወስኑ ተናገሩ። በወረቀቱ ላይ ደግሞ ወንድሙ ብቻውን ነው። ባለ መርከቡ ፋይል በፋይል ላይ ደርድሯል፤ ወንድሙ ያለው አፉ ብቻ ነው።

ጊዜው አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። ስድስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ብዙ ይመስላል፤ እዚያ ቤት ግን ጊዜ የሚቆጠረው በውሃ እንቅልፍ ነው። ከአንድ ሩጫ በኋላ ውሃው ግማሽ ሰዓት መተኛት አለበት፤ ሳይረጋ ከተነካ የነገረው ሁሉ ቅዠት ነው። ውሃው በተኛበት ሰዓት በር አይወረወርም፣ መዶሻ አይነሳም፣ ሰው የሚነጋገረው ሕፃን እንደተኛበት ቤት በሹክሹክታ ነው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ኤሌክትሪሺያኑ ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ ካቻቢቴውን ይዞ ወደ ካርቦኖቹ ወረደ።

በአራቱም ሩጫ መሐል ገመድ ለውጧል፣ ቡሎን አጥብቋል፣ ስፕሪንግ ቀይሯል። የቀረው ካርቦኑን ራሱን ፈትቶ ማየት ነው። ፈታው። ፊቱን ወደ መብራቱ ሲያዞረው እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቃል። ካርቦን አያብረቀርቅም። በጥፍሩ ጫረው፤ ጥቁር ቅባት ጥፍሩ ሥር ገባ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

ሰም ነው።

ሐዲዱ ጠርዝ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

በዚያ ቤት ሰም የማይፈውሰው ነገር የለም። የመርከብ ሞዴል የሚሠሩት ከሰም ስለሆነ ፍርፋሪው በየጥጉ አለ፤ መሳቢያ ሲነክስ ሰም፣ መጋዝ ሲይዝ ሰም፣ የጃኬት ዚፕ እምቢ ሲል ሰም፣ የበር ማጠፊያ ሲያለቅስ ሰም። ጡረታ የወጣው ኤሌክትሪሺያን ሳይቀር ዘንጎቹ ሲንጫጩበት መዳቡን በሰም ያሽ ነበር። በእሱ ዘመን ግን የሚታከከው ነሐስ እንጂ ካርቦን አልነበረም፤ ጋሪውም እንደ ሽማግሌ እያዘገመ ነበር የሚሄደው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ኤሌክትሪሺያኑ ብቻውን መጥቶ ጋሪውን በዝግታ ሞከረው። ካርቦኖቹ ሲጢጥ ሲጢጥ አሉ። ነገ ጠበቃው ይህን ሲሰማ ጋሪያችሁ ያረጀ ነው ይላል ብሎ ሰጋ። አንድ ቁራጭ ሰም ከወለል አንስቶ፣ ሦስቱንም ዘንግ ከዳር እስከ ዳር፣ የልጅ ገላ እንደሚቀባ እናት፣ ቀስ እያለ አሻቸው። ጋሪውም ጸጥ አለ። ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ። መዝገብ ላይ አላሰፈረውም፤ ሰም መቀባትን እዚያ ቤት ማንም እንደ ሥራ ቆጥሮት አያውቅም።

ሰም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ጋሪው ሲያዘግም ካርቦኑ ሰሙን እየጠረገ ያልፋል፤ ሲሮጥ ግን ሰሙ ግሎ ካርቦኑ ላይ ይጋገራል፣ ኤሌክትሪኩ ይቆራረጣል። ይህን እንኳን እሱ፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ያን ቀን ግን ያሰበው ወንድሙን ነበር።

በገዛ እጄ፣ አለ በልቡ። በገዛ እጄ።

ሁለት መንገድ ታየው። ዝም ብሎ ካርቦን ቢቀይር አዲሱም ባንዴ ይለበጣል፤ ቀኑ ያልቃል፣ ወረቀት ይወስናል። ቢናገር ደግሞ የተከሳሽ ወንድም እሑድ ቀን ማንም ሳያየው ገብቶ፣ መዝገብ ሳይሞላ፣ መርከቧ እንድትደፋ የሚያደርግ ነገር ቀብቶ ወጣ ይባላል። ማን ያምነዋል? እሱ ራሱ ሌላ ሰው ላይ ቢሰማው አያምንም ነበር።

ወንድሙን ግን ያምናል። ቅዳሜ ማረፊያ ቤት ሄዶ በሽቦው መሐል አይቶት ነበር። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። «አንተ ትሙት፣ በተለመደው ፍጥነት ነበር የምሄደው» ብሎ ማለለት። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ያሳደገው፣ የባሕር ትምህርት ቤት ያስገባው እሱ ነው። እናታቸው ትንሽየውን ነፋሱ ነበር የምትለው፤ ሲፈጠር መራመድ አልሆነለትም፣ ሩጫ ብቻ ነው። ዘይት ግዛ ተብሎ ተልኮ፣ የተሰበረ የጠርሙስ አንገት ይዞ፣ ጉልበቱ ደምቶ ይመለስና «እየተራመድኩ ነበር እኮ፣ እማ» ይላል። ያ ልጅነት ነው። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፤ በወንድሙ ሕይወት ምሎ አይዋሽም።

መርከቧ በእውነት ከደፋች ያለ ሰም ትደፋለች። ተነሣና ካርቦኑን በመዳፉ ይዞ ሰዎቹ ወደ ቆሙበት ሄደ።

የተናገረው አጭር ነበር። ሰብሳቢዋ ካርቦኑን ተቀብለው አሸተቱት። ኃላፊው ግንባሩን በእጁ ያዘ። ጠበቃው ግን፣ እንደተፈራው አልጮኸም፤ ፈገግ ብሎ ደብተሩን ከፈተ።

«እሑድ ዕለት ማን አብሮህ ነበር?»

«ማንም።»

«መዝገብ ላይ አለ?»

«የለም።»

«ይበቃኛል» አለ ጠበቃው።

ሰብሳቢዋ ግን አልበቃቸውም። ሰሙን ጠርጎ ለመጨረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብለው ጠየቁ። ኤሌክትሪሺያኑ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ እስከ ነገ ማታ ብሎ መለሰ። በቤንዚን ቢታጠብ ደግሞ በአንድ ብልጭታ ቤቱ ይነዳል። እንግዲያው አለቀ፣ አለ ኃላፊው።

ያን ጊዜ ነው ሞዴሉን የሠራው አናጢ፣ ጥግ ላይ ሳጥን ላይ ተቀምጦ የነበረው ሽማግሌ፣ ጉሮሮውን የጠረገው። አርባ ዓመት ሙሉ ሰም ሲያቀልጥ የኖረ ሰው ነው።

«ሸሚዛችሁ ላይ ሻማ ቢንጠባጠብ ምን ታደርጋላችሁ?» አላቸው።

ተያዩ።

«ወረቀት ታለብሱታላችሁ፣ በጋለ ካውያ ትተኩሱታላችሁ፤ ወረቀቱ ሰሙን ይጠጣዋል። መዳብ ከሸሚዝ በምን ይበልጣል?»

ከሞዴል ክፍሉ ሁለት ካውያ መጣ፤ ከጥበቃው ክፍል የወር የወራት ጋዜጣ በእቅፍ መጣ። ዘንጎቹ ኤሌክትሪክ ስለሌላቸው ጋሪው በራሱ አይሄድም፤ እየተገፋ፣ ከላዩ ሰው ቆሞ እየተኮሰ መሄድ ነበረበት። ጠበቃው ይህን ሰውዬ ደግሞ ዘንጉ ላይ ምን እንደሚቀባበት ማን ያውቃል ቢል፣ ሰብሳቢዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

«ቆመው ከሚጠራጠሩ እየገፉ ይመስክሩ» አሉት።

ጠበቃው ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ አንጠለጠለ። ኃላፊው ከአንድ ወገን፣ ጠበቃው ከሌላው ሆነው ገፉ፤ አናጢው ከላይ ካውያውን ያሳልፋል፤ ኤሌክትሪሺያኑ ተከትሎ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይወለውላል። ረጅሙ የካውያ ገመድ ከኋላቸው እንደ ጅራት ይጎተታል።

«ሚስቴ አሁን ብታየኝ» አለ አናጢው ከሠላሳኛው ሜትር በኋላ፣ «ሸሚዝ አልተኩስም ስላልኩበት ዘመን ሁሉ ትበቀለኝ ነበር።»

«ጋሼ፣ አያስቁኝ» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። ከሳቀ የሚያለቅስ መሰለው።

«ሳቅ እንጂ። ሰሙ ያንተ ነው፤ የምተኩሰው እኔ።»

እየገፋ ጋዜጣ የሚያቀብለውም ጠበቃው ነበር። ሰባኛው ሜትር አካባቢ አንዱን ገጽ ሲያነሣ እጁ ቆም አለ። የሰመጠችው መርከብ ወሬ ያለበት ገጽ ነው፤ የወንድምየው ፎቶግራፍ ከላይ ታትሟል። ጠበቃው ምንም ሳይል ወረቀቱን ፎቶው ወደ ውስጥ እንዲሆን አጥፎ አቀበለው። ኤሌክትሪሺያኑ ግን አይቶ ነበር። ካውያው ሲያልፍበት ሰሙ ከጀርባ ሰርጎ የወንድሙን ፊት እንደ መስታወት አሳላፊ አደረገው።

ሦስቱ ዘንጎች ተተኩሰው፣ ተፈግፍገው፣ አዲስ ካርቦን ገብቶ ሲያልቅ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። እህል የቀመሰ አልነበረም። የኤሌክትሪሺያኑ እናት ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ፣ የጥበቃው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ መግባት አይፈቀድላትም። ጥበቃው ሻይ ቢሰጣት እንዳልነካችው ነግሮታል።

ውሃው ተኛ። ኤሌክትሪሺያኑ መዝገቡ ላይ የእሑዱንም የዛሬውንም ጻፈ፣ ፈረመ፣ ጠበቃውንም አስፈረመ። ከዚያ ዋናውን ማብሪያ አበራ፣ ዓይኑን አምፖሏ ላይ ተከለ።

ጋሪው ተነሣ። ካርቦኖቹ ሲጢጥ አሉ፤ እሑድ ያስጠላው ድምፅ ዛሬ ልክ የእናት እንጉርጉሮ ሆኖ ተሰማው። ፍጥነቱ ወደ ተለመደው ወጣ። አርባ ሜትር። ስድሳ። ጠዋት አራቴ ያነከሰበትን የዘንጎቹን መጋጠሚያ አለፈ። አምፖሏ እንደ ሰማይ ኮከብ ጸጥ ብላ በራች። ሰማንያ። መቶ። ፍሬኑ ያዘ።

አልተርገበገበችም። እልል ማለት ዳዳው፤ ጎንበስ ብሎ ትንሿን መርከብ አየ።

አናጢው አፍንጫዋ ላይ ነጭ ዱቄት ነስንሶ ነበር፤ ውሃ ከነካው ይታጠባል። ዱቄቱ እንዳለ ነው። አንድ ጠብታ አልነካውም።

መርከቧ አልደፋችም።

ውሃው እንደገና መተኛት ነበረበት። ኋላ ሰብሳቢዋ በሹክሹክታ ለሁሉም አስረዱ። በተለመደው ፍጥነት አትደፋም፤ ይህ ብቻውን ግን ካፒቴኑን አይኮንነውም፣ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ሩጫ ጊዜ አለ። ባለ መርከቡ በተናገረው ፍጥነት ትጎተት። ያኔ ከደፋች ጥፋቱ የካፒቴኑ ነው፤ ነገሩ አለቀ። ካልደፋች ወይም ሩጫው ከተበላሸ ምክንያቱ አልታወቀም ብለው ይጽፋሉ።

ኤሌክትሪሺያኑ ዘንጎቹን ልይ ብሎ ብቻውን በገንዳው ዳር ሄደ። ውሃው ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ ተኝቷል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ትል ነበር እናቱ፣ ሁለቱን ልጆቿን ወንዝ አትሂዱ ስትል። ነፋሱ ግን ይሄድ ነበር።

መጋጠሚያው ጋ ሲደርስ እጁ ኪሱ ገባ። ምን ሊፈልግ እንደገባ አያውቅም። ጣቶቹ ቁራጯን ሰም አገኙ፤ ከእሑድ ጀምሮ የሥራ ልብሱ ኪስ ውስጥ ተረስታለች። ከገላው ሙቀት ለስልሳለች። መጋጠሚያው ላይ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ስንዝር ቢያሻት ይበቃል። አምፖሏ ትርገበገባለች፣ ጋሪው ያነክሳል፣ ሩጫው ይበላሻል፣ ሰዓቱ ያልቃል። አልታወቀም ይባላል። «አልታወቀም» የምትል ቃል ወንድሙን ወደ ቤት ባታመጣውም በር ትከፍትለታለች።

ሰሟን አወጣት። ከወዲያ ጫፍ ማንም አያየውም። ሰብሳቢዋ ጠረጴዛው ላይ የዘረጉትን ወረቀት ግን እሱ ከዚህ ያያታል፤ ጠዋት ሲያልፍ አንብቧታል። አሥራ ዘጠኝ ስም በመስመር ተጽፎባታል። ሰባተኛዋና ስምንተኛዋ የአንድ አባት ልጆች ናቸው።

እንዲሁ ቆመ፤ ምን ያህል እንደቆመ አላወቀም። አናጢው እግሩን እየጎተተ በሐዲዱ ዳር መጥቶ አጠገቡ ደረሰ። እጁን አየ፣ ዘንጉን አየ፣ ምንም አልጠየቀም። ሽማግሌ ነውና ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ያውቃል።

«ጋሼ» አለ ኤሌክትሪሺያኑ፣ «ይቺን ይያዙልኝ። እኔ ጋ አትሁን።»

አናጢው ሰሟን ተቀብሎ በመሀረቡ ጠቀለላት። ከዚያ ክንዱን ይዞ፣ በሽተኛ እንደሚደግፍ፣ ወደ ማብሪያው መለሰው።

አሥር ሰዓት ሲሆን ጋሪው ተነሣ። ዘንጎቹ ጮኹ። ሃያ፣ አርባ፣ ስድሳ፤ አምፖሏን ያያል፣ ሌላ ነገር አያይም። ተርገብገቢ፣ ይላት ነበር በሆዱ፣ እባክሽ ተርገብገቢ። ዕድሜ ልኩን መብራት እንዳይጠፋ ሲለፋ የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት እንዲጠፋ ለመነ። አምፖሏ ግን በእጁ የሠራት፣ በእጁ ያጠራት ነበረችና አልሰማችውም። መጋጠሚያውን አለፈች። ከዚያ ከሥር የውሃው ድምፅ ተለወጠ፤ ቸብ የሚል፣ ወፍራም ድምፅ። ማየት አላስፈለገውም።

ዱቄቱ በሙሉ ታጥቦ ነበር። ጠበቃው እንኳ ደስ አላለውም፤ ኮቱን አንስቶ ሳይለብሰው ክንዱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጣ።

ኤሌክትሪሺያኑ መዝገቡን ከፈተ። «የኃይል መቋረጥ» ከሚለው መስመር ፊት ለፊት «የለም» ብሎ ጻፈ። ፊርማው ከወትሮው ጠመመ። ማብሪያውን አጥፍቶ ቁልፉን ለኃላፊው ሰጠና ወጣ።

እናቱ አግዳሚው ላይ እንዳለች ናት። ሻዩ አጠገቧ ቀዝቅዞ ቆዳ አውጥቷል። አጠገቧ ተቀመጠ። በመንገድ ላይ ያዘጋጃቸው ቃላት ነበሩ፤ ስለ ኮሚሽኑ፣ ስለ ይግባኝ፣ ስለ ጥሩ ጠበቃ። እሷ ግን እጆቹን ነበር የምታየው። በካርቦን ጥላሸት እስከ አንጓው ጠቁረዋል። የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ አንዱን እጅ ወደ ጭኗ ሳበችውና ጣት በጣት ትጠርግ ጀመር።

አራተኛው ጣት ላይ ስትደርስ፣ ቀና ሳትል፣ «ሮጦ ነበር፣ አይደል?» አለችው።